የሚያገኝ ካሜራና የሚያረጋግጥ ካሜራ፦ በማርስ፣ በሜርኩሪና በጨረቃ ምስሎች ላይ እንግዳ ነገር ለሚፈልጉ

በ2010 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ኮተንዉድ በምትባል ከተማ የሚማሩ 16 የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ማርስ ላይ ማንም ልብ ያላለውን ጥልቅ ቀዳዳ አገኙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀዳዳው ፓቮኒስ ሞንስ በሚባለው ግዙፍ እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ ነው፤ ስፋቱ 190 በ160 ሜትር፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 115 ሜትር ይሆናል። ልጆቹ ሲፈልጉ የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ቅልጥ አለት በውስጡ የፈሰሰበትን ከመሬት በታች ያለ ቦይ። ቀዳዳው በመንገዳቸው ላይ ገጠማቸው።

ያገኙት ልጆች መሆናቸው አይደለም እኔን የሚገርመኝ፤ የተጠቀሙበት ካሜራ ነው። ያን ጊዜ ሃይራይዝ የተባለው ካሜራ ማርስን መዞር ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። እያንዳንዱ ፒክሰሉ (ምስሉ የተሠራበት ትንሿ ነጥብ) 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሸፍን ከጠረጴዛ የማይበልጥ ድንጋይ ለይቶ ያሳያል። ተማሪዎቹ የመረመሩት ግን ቴሚስ የሚባለው የቀድሞ ካሜራ ያነሳውን ነው፤ የዚህኛው አንድ ፒክሰል 18 ሜትር ነው። ያ ሁሉ ቀዳዳ በምስሉ ላይ ዐሥር ፒክሰል ያህል ስፋት ያለው ጥቁር ነጥብ ነበር። ጥርት ያለው ካሜራ የመጣው በኋላ ነው፤ ተጠርቶ፣ ለማረጋገጥ።

የፕላኔት ምስል ማየት የሚጀምሩ ሰዎች «የትኛውን ልምረጥ?» ሲሉኝ ብዙ ጊዜ «ከሁሉም የጠራውን» የሚል መልስ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ መልሼ ሁለት ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፦ ምስሉ ምን ያህል መሬት ይሸፍናል? ፀሐይዋስ ከየት ወገን ነበረች? የፒክሰሉ ጉዳይ ሦስተኛ ነው።

መጀመሪያ ፀሐይን ይምረጡ

አዲስ የታረሰ ማሳን በማለዳ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለ እያንዳንዱ ትልም ጥላውን ይጥላል፤ ማሳው እንደ ተጻፈ ብራና ይነበባል። እኩለ ቀን ላይ ያው ማሳ ጠፍጣፋ ምንጣፍ ይሆናል። በምትኩ ግን ጠዋት ያልታየው ይታያል፦ የትኛው ጥግ ቀይ አፈር፣ የትኛው ጥቁር መሆኑ።

በክሬተር የተሞላ ገጽም እንዲሁ ነው። (ክሬተር የምለው ከሰማይ የወረደ አለት መትቶ የቆፈረውን ክብ ጉድጓድ ነው።) የሚፈልጉት ቅርጽ ከሆነ፣ ማለትም ገደል፣ ጉብታ፣ ስንጥቅ፣ የተሸበሸበ መሬት፣ ዝቅተኛ ፀሐይ ያለበትን ምስል ይውሰዱ። የሚፈልጉት ያልተለመደ ድምቀት ወይም ጥቁረት ከሆነ ከፍተኛ ፀሐይ ያስፈልግዎታል። ጨረቃ ላይ ያለው ራይነር ጋማ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወተት በጥቁር ቡና ላይ እንደተጠማዘዘ ያለ ነጭ ምልክት ነው፤ ነገር ግን ከፍታም ዝቅታም የለውም። በጥላ ብቻ የሚፈልገው ሰው በላዩ አልፎ ይሄዳል።

ከምስሉ ጋር በሚሰጠው መግለጫ ውስጥ የፀሐይ ማዕዘን ተጽፎ ይገኛል። ዜሮ ማለት ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ 90 ማለት አድማስ ላይ ናት። እኔ ለቅርጽ ከ65 እስከ 80 ያለውን፣ ለድምቀት ከ40 በታች ያለውን እመርጣለሁ። ከ80 በላይ ሲሆን ጥላው ክሬተሩን ሞልቶ ወለሉን ይውጠዋል።

ማርስ፦ ሦስት ካሜራ፣ ሦስት ሥራ

በጥንቱ የኮከብ ቆጠራችን መሪኅ የምትባለው ማርስ ለፈላጊ ሰው ከሁሉም ትሻላለች። ነፋስ፣ በረዶ፣ እሳተ ገሞራና የጥንት ውሃ ስለተፈራረቁባት ክሬተሮቿ እንደተቆፈሩ አልቀሩም። 18 ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ዩቲ ክሬተር ዙሪያውን የአበባ ቅጠል የመሰለ ጠርዝ አለው፤ ከግጭቱ የተረጨው አፈር እንደ ጭቃ ፈስሶ የቆመበት ነው። ምክንያቱ በመሬቱ ውስጥ የነበረ በረዶ እንደሆነ ይገመታል። ሌሎቹ ደግሞ በዙሪያቸው ያለው መሬት ተሸርሽሮ ስላለቀ በመደብ ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። እነዚህ ለጀማሪ እንግዳ ናቸው፤ ለማርስ ግን የዘወትር ነገር ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ምሽቶች የተለመደውን በመልመድ ማሳለፍ ኪሳራ አይደለም።

ሦስቱን ካሜራዎች ላወዳድር።

ቴሚስ በ2001 ማርስ በደረሰችው ኦዲሲ መንኮራኩር ላይ ያለ ነው። በተራ ብርሃን 18 ሜትር፣ በሙቀት ጨረር 100 ሜትር በፒክሰል ያነሳል። ሰዎች የሚንቁት ይህን 100 ሜትሩን ነው፤ እኔ ግን በሌሊት የተነሱትን የሙቀት ምስሎች እጅግ እወዳቸዋለሁ። አለት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል፤ አቧራ ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል። በሌሊቱ ምስል ላይ ደምቆ የሚታይ ክሬተር ካዩ አለታማ ነው ማለት ነው፤ በቀን ብርሃን ከጎረቤቶቹ ምንም ላይለይ ይችላል። በ2007 አርስያ ሞንስ በሚባለው እሳተ ገሞራ ላይ ከ100 እስከ 250 ሜትር የሚሰፉ ሰባት ጥቁር ቀዳዳዎች መገኘታቸው ሲነገር ዋናው ማስረጃ ይኸው ነበር፦ ቀን ከአካባቢያቸው ይቀዘቅዛሉ፣ ሌሊት ከአካባቢያቸው ይሞቃሉ፤ ልክ እንደ ዋሻ።

ሲቲኤክስ ከ2006 ጀምሮ ማርስን በሚዞረው ማርስ ሪኮነሳንስ ኦርቢተር ላይ ተጭኗል። በፒክሰል 6 ሜትር ያህል፣ በአንድ ጊዜ 30 ኪሎ ሜትር ስፋት ያነሳል። በ2023 ካልቴክ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ምስሎቹን አገጣጥመው 5.7 ትሪሊዮን ፒክሰል ያለው የማርስ ካርታ አወጡ። ይህ ካርታ ሳይወርድ በኮምፒውተር መቃኛ ላይ እንዳለ ይከፈታል። ከሰማይ እስከ ሸለቆ እየቀረቡ እየራቁ መመልከት ይቻላል። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት የምመርጠው ይህንን ነው።

ሲቲኤክስ ሌላም ጠቀሜታ አለው። መንኮራኩሩ በየስፍራው የሚያልፈው ከቀትር በኋላ፣ በአካባቢው ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። በመሆኑም ሰሜን ወደ ላይ በሆነበት ምስል ብርሃኑ አብዛኛውን ጊዜ ከግራ ይመጣል። ዓይን አንዴ ከለመደው ጉድጓድና ጉብታ አያምታታም፦ ግራው ጥቁር ቀኙ ብሩህ ከሆነ ጉድጓድ፣ ግራው ብሩህ ቀኙ ጥቁር ከሆነ ጉብታ። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። ማርስን በሲቲኤክስ ብቻ የሚያውቅ ሰው ማለዳዋን አያውቅም። ምስሉ ጥቁርና ነጭ መሆኑም አይረሳ።

ሃይራይዝ በዚያው መንኮራኩር ላይ ያለ፣ ግማሽ ሜትር ስፋት ባለው መስተዋት የሚያይ ካሜራ ነው። ምስሎቹ ያስደምማሉ። ይሁንና አንዱ ምስል የሚሰፋው 6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እስካሁን ያነሳው ሁሉ ተደምሮ ከማርስ ገጽ ጥቂት በመቶውን ብቻ ይሸፍናል። የተነሳውም ሳይንቲስቶች አስቀድመው «ይህ ይነሳ» ብለው የመረጡት ነው። ስለዚህ በሃይራይዝ ውስጥ አዲስ ነገር መፈለግ ሌላ ሰው ካጨደው ማሳ ላይ ቃርሚያ መልቀም ነው። ቃርሚያም ይገኛል፣ አልክድም፤ ነገር ግን ለጀማሪ አድካሚ ነው። የሙሉ ጥራቱ ፋይል ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይሆናል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ የወር በጀት ነው። ትንሹን ናሙና ምስል አስቀድሞ አይቶ፣ ካስፈለገ ብቻ ትልቁን ማውረድ ይበጃል።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልበል። የሃይራይዝ ባለቀለም ምስል በዓይን የሚታየውን አያሳይም፤ ከሰው ዓይን በላይ የሆነውን የቀይ ጎረቤት ጨረር ጨምሮ የተቀነባበረ ነው። በማኅበራዊ ገጾች ላይ «ሰማያዊው የማርስ አሸዋ» እየተባለ የሚዞረው ምስል ሰማያዊ አሸዋ የለበትም።

ጥራታቸው የተለያየ ካሜራዎች ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈሉ ለማየት ከ2021ዱ ግጭት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዲሴምበር 24 ቀን 2021 ማርስ ላይ የነበረው የኢንሳይት መሣሪያ 4 የሚለካ መንቀጥቀጥ መዘገበ። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ የሲቲኤክስን ምስሎች የሚያዩ ባለሙያዎች አማዞኒስ በተባለው ሜዳ ላይ 150 ሜትር ያህል የሚሰፋ አዲስ ክሬተር አገኙ። የግጭቱን ቀን ያጠበበላቸው፣ በየዕለቱ መላዋን ማርስ የሚያነሳው ከሁሉም የደበዘዘው የአየር ሁኔታ ካሜራ ነው፤ ከግጭቱ በፊትና በኋላ የተነሱት የዚህ ካሜራ ምስሎች ተነጻጽረው ቀኑ ከመንቀጥቀጡ ቀን ጋር ገጠመ። በክሬተሩ ዙሪያ የተበተነውን የበረዶ ቋጥኝ ያሳየው ደግሞ ሃይራይዝ ነው። የደበዘዘው ቀኑን፣ መካከለኛው ስፍራውን፣ ጥርት ያለው ምንነቱን ነገረ።

ኮምፒውተርስ ለምን አይፈልግልንም የሚል ይኖራል። ይፈልጋል። በ2020 የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ያሠለጠኑት ፕሮግራም በሲቲኤክስ ምስሎች ውስጥ ትኩስ ክሬተሮችን ለይቷል። አንድ ተመራማሪ 40 ደቂቃ ያህል የሚፈጅበትን ምስል ፕሮግራሙ በአማካይ በ5 ሴኮንድ ይጨርሳል። ሆኖም የሚያገኘው የተማረውን ነው፦ ትኩስ ግጭት የሚተወውን ጥቁር የፍንዳታ ምልክት። እንግዳውን ነገር ማንም አላስተማረውም፤ ያ ሥራ ለጊዜው ለእኛ ቀርቷል።

ሜርኩሪ፦ ደንቤ የሚሰበርባት

ሜርኩሪን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያነሳችው መንኮራኩር ማሪነር 10 በ1974 እና በ1975 ሦስት ጊዜ አለፈችባት። በሦስቱም ጊዜ ፀሐይ የበራችው በአንድ ወገን ስለነበር ከፕላኔቷ 45 በመቶ ያህል ብቻ ታየ። ሌላውን ለማየት ከሠላሳ ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ሆነ። ሜሴንጀር የተባለችው መንኮራኩር በጃንዋሪ 2008 ስታልፍ፣ 1,550 ኪሎ ሜትር በሚሰፋው የካሎሪስ ተፋሰስ (ግዙፍ የግጭት ጉድጓድ) መሐል ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ፦ ከአንድ ማዕከል ወደ ዙሪያው የሚበተኑ ስንጥቆች። ሳይንቲስቶቹ «ሸረሪቷ» አሏት፤ በኋላ ፓንቴዮን ፎሴ ተባለች። ከማዕከሉ አጠገብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ክሬተር አለ። ክሬተሩ ስንጥቆቹን ፈጠረ ወይስ በአጋጣሚ መሐላቸው ወደቀ የሚለው ሲያከራክር ቆይቷል።

ሜሴንጀር ከ2011 እስከ 2015 ፕላኔቷን ዞራለች፤ የመጨረሻዋም ሜርኩሪ ላይ መከስከስ ሆነ። ከሥራዋ የተረፈው ሀብት ለእኛ ዓይነቱ ፈላጊ ድንቅ ነው፤ ያው ገጽ በተለያየ ፀሐይ ተገጣጥሞ ቀርቧል። አንዱ ካርታ ዝቅተኛ ፀሐይ ከምሥራቅ፣ አንዱ ዝቅተኛ ፀሐይ ከምዕራብ፣ አንዱ ከፍተኛ ፀሐይ ያለበት ነው። ፕላኔቷ ስትቀዘቅዝ ተጨማድዳ ያወጣቻቸውን ረጃጅም ገደሎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት፣ ድምቀትን በሦስተኛው መፈለግ ይቻላል። ፀሐይን የመምረጥ ነገር ማርስ ላይ ልፋት ነው፤ እዚህ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ደንቤ የሚሰበረውም እዚሁ ነው። የሜርኩሪ ትልቁ እንግዳ ነገር በክሬተሮች ወለልና ጠርዝ ላይ የሚታዩት ብሩህ፣ ጥልቀት የሌላቸው፣ ከንፈር አልባ ጎድጓዳዎች ናቸው። የአለቱ ክፍል ወደ ጠፈር ተንኖ መሬቱ የሰረጎደበት ይመስላሉ፤ በላያቸው የተመታ ክሬተር ስለማይታይም በሥነ ምድር አቆጣጠር ገና ለጋ ናቸው። ማሪነር 10 ብሩህ እድፍ አድርጋ አይታቸው ነበር። ምን እንደሆኑ የታወቀው ግን በ2011 ሜሴንጀር ከቅርብ ስታነሳቸው ነው። ስፋትና ፀሐይ ብቻቸውን አይበቁም ነበር፤ ጥራት ባይኖር እድፍ ሆነው በቀሩ።

ሜርኩሪን ለሚመርጥ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሜሴንጀር ምህዋር ሞላላ ስለነበር ወደ ሰሜን ስትመጣ መጀመሪያ ላይ እስከ 200 ኪሎ ሜትር ትቀርባለች፣ በደቡብ በኩል ግን 15,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ጥቃቅን ነገር ፈላጊ ወደ ሰሜን ይሂድ። ለደቡቡ የሚሻለው በ2018 የመጠቀችውን መንኮራኩር ቤፒኮሎምቦን መጠበቅ ነው፤ በዕቅዱ መሠረት ምህዋር የምትገባው በኖቬምበር 2026 ነው።

ጨረቃ፦ ትምህርት ቤቷ

ከ2009 ጀምሮ ጨረቃን የሚዞረው የኤልአርኦ መንኮራኩር በፒክሰል እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያነሳል፤ አንዱን ስፍራ ደጋግሞ፣ በማለዳም በቀትርም። ስለዚህ ፀሐይ ነገርን እንዴት እንደምትለውጥ ለመማር ጨረቃን የሚያህል የለም። ሜሲየር የሚባለውን ሞላላ ክሬተር ይፈልጉ፤ አለቱ ገደድ ብሎ የመታው ስለሆነ ፍንጣሪው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ወደ ሁለት ጎን ተበትኗል። ኢና የሚባለውንም ይዩ፤ በ1971 የአፖሎ 15 ምስሎች ላይ የታየ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ የተላጠ ግድግዳ የመሰለ ረባዳ ነው። በ2014 የወጣ ጥናት ከዚሁ ዓይነት 70 ቆጥሯል። አዲስ ነገር የማግኘት ተስፋ ግን ከማርስ ያነሰ ይመስለኛል፤ ብዙ ዓይን አልፎባታል።

«አገኘሁ» ከማለት በፊት

አንድ ጊዜ ሜርኩሪ ላይ ፍጹም ክብ የሆነ ጉብታ አገኘሁ ብዬ ሁለት ምሽት ቤተ ሰቡን አላስተኛሁም። ሦስተኛው ቀን ምስሉን አዙሬ፣ ራሱን ወደ ታች አድርጌ ሳየው ተራ ክሬተር ሆኖ ቁጭ አለ። የሰው ዓይን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ያስባል፤ ብርሃኑ ከታች ሲመጣ ጉድጓዱን ያሳብጠዋል። ከምሥራቅ የበራውን ካርታ ለምዶ ወደ ምዕራቡ የተሻገረ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ የምስሉ ሕመም ነው። በጁላይ 25 ቀን 1976 መንኮራኩሯ ቫይኪንግ 1 ያነሳችው «የማርስ ፊት»፣ የሰው ፊት የመሰለው ኮረብታ፣ በዓለም የታወቀው በጥላ ብቻ አይደለም። በምስሉ ላይ ያሉት ጥቁር ነጥቦች መረጃው ሲተላለፍ የጠፋባቸው ናቸው፤ አንዱ ነጥብ ደግሞ የአፍንጫ ቀዳዳ በሚሆንበት ቦታ ላይ አረፈ። በ2001 ማርስ ግሎባል ሰርቬየር በፒክሰል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሲያነሳው የተሸረሸረ ጠፍጣፋ አምባ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሰዎች ማርስ ላይ «ሕንጻ» የሚያገኙት ምስሉ ሲጨመቅ በሚፈጠሩት ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ውስጥ ነው። ምስሉን ከልክ በላይ አጉልተው ካዩት ፒክሰል ራሱ ግንብ ይሆናል። በተገጣጠሙ ካርታዎች ላይም የሁለት ምስሎች መጋጠሚያ ቀጥ ያለ ገደል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የካልቴኩ ካርታ መጋጠሚያዎቹን የሚያሳይ መስመር አብሮ ስለሚሰጥ ይህን መፈተሽ ቀላል ነው።

ፍቱን የሆነው ፈተና አንድ ነው፦ ያንኑ ስፍራ በሌላ ቀን፣ በሌላ ፀሐይ፣ ከተቻለም በሌላ ካሜራ ማየት። ማርስ ላይ አርጊሬ ተፋሰስ ጠርዝ ላይ ያለው ጋሌ ክሬተር፣ 230 ኪሎ ሜትር የሚሰፋውና ኮረብቶቹ ፈገግ ያለ ፊት የሚያስመስሉት «ፈገግተኛ»፣ ይህን ፈተና ያልፋል። ኮረብቶቹ በሁሉም ምስል ላይ አሉ። ፈገግታው ግን የኛ ነው።

እንደ ኪስዎና እንደ ጊዜዎ

ስልክ ብቻ ላለውና ዳታ ለሚቆጥብ ሰው፦ በመቃኛ የሚከፈተው የሲቲኤክስ ካርታ፣ በመካከለኛ ርቀት ላይ ሆኖ። ኮምፒውተርና ትዕግሥት ላለው፦ የቴሚስ የሌሊት ምስልና ሲቲኤክስ ጎን ለጎን። ተማሪዎች ላሉት መምህር፦ ሁለት ሳምንት ጨረቃ፣ ከዚያ ማርስ፤ ሜርኩሪን ለጎበዞቹ። ቅርጽ ሳይሆን ምስጢር ለሚወድ፦ ሜርኩሪ ሰሜን። አጠራጣሪ ስፍራ አግኝቶ ሃይራይዝ ያላነሳው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ ከ2010 ጀምሮ ማንኛውም ሰው «ይህ ይነሳልኝ» ብሎ ለካሜራው ቡድን ሐሳብ የሚያቀርብበት መንገድ አለ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ቢሆንም አይከለከልም።

ከምንም በላይ የምስሉን ቁጥርና የስፍራውን ኬንትሮስ ሳይጽፉ ገጹን አይዝጉ። ኬንትሮሱም ወደ ምሥራቅ ይሁን ወደ ምዕራብ የተቆጠረ አብረው ይጻፉ። የቀድሞ የማርስ ካርታዎች ወደ ምዕራብ ይቆጥሩ ነበር፤ የአሁኖቹ በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ይቆጥራሉ። በእነዚያ በድሮዎቹ ካርታዎች ላይ፣ በቴሌስኮፕ የሚታየውን ብሩህና ጥቁር ቀለም ተከትሎ የተሰየመ «ኤትዮፒስ» የሚባል ስፍራ አለ፤ 10 ዲግሪ ሰሜን፣ 230 ዲግሪ። የአገሬን ስም ተከትዬ 230 ብዬ በአዲሱ ካርታ ላይ ፈለግሁና ከኦሊምፐስ ሞንስ እሳተ ገሞራ በስተ ደቡብ ባለው ሜዳ ላይ ሙሉ ምሽት ተንከራተትኩ። 230 ወደ ምዕራብ የተቆጠረ ስለነበር ትክክለኛው ቁጥር 130 (360 ሲቀነስ 230) ነበር፤ ከኤሊሲየም ተራራ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ የፕላኔቷን ሩብ ያህል ርቆ።